ይንጠብጥ፣ ተወው፦ የጀልባ ዘንግ ፓኪንግ አቀያየር

ጠዋት ጀልባዋ ላይ ስወጣ መጀመሪያ የማነሳው የሞተሩን ክዳን አይደለም፤ የኋለኛውን የወለል ጣውላ ነው። ከሥሩ፣ ዘንጉ ከጀልባዋ ሆድ ወጥቶ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ቦታ፣ አፏ የተሸረፈ አንዲት የቡና ሲኒ ተቀምጣለች። ማታ አስቀምጫት ሄጄ ጠዋት አያታለሁ። ባዶ ከሆነች ደግ ነው። ከታች ትንሽ ውሃ ካቆረች ልብ እላለሁ። ሞልታ ከፈሰሰች ግን የዚያን ቀን ቱሪስትም ሆነ ምእመን ወደ ዘጌ አልጭንም።

ባሕር ዳር፣ ጣና ሐይቅ ላይ፣ ጀልባ መንዳትና መጠገን ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ሞተሩ ከኋላዋ የተንጠለጠለ ጀልባ ካለህ ይህ ጽሑፍ አይመለከትህም፤ የእሱ ጣጣ ሌላ ነው። የማወራው ሞተሩ ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ ፕሮፔለሩን በረጅም ዘንግ ስለሚያዞረው ጀልባ ነው።

የሚዞር ብረት ከውስጥ ወደ ውጭ መውጣት ካለበት ጀልባዋ መበሳት አለባት፤ ቀዳዳው ደግሞ ከውሃው ወለል በታች ነው። ዘንጉ እየዞረ ውሃውን የሚያግደው ዕቃ በካታሎግ ‹ስታፊንግ ቦክስ› ይባላል፤ እኔ የፓኪንግ ቤት እለዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከብሮንዝ የተሠራ ጎድጓዳ ነገር ነው። ውስጡ፣ በዘንጉ ዙሪያ፣ ሦስት ወይም አራት ቀለበት ሆኖ የተቀመጠ ባለ አራት ማዕዘን ጉንጉን ገመድ አለ። ፓኪንግ የምንለው ይህን ነው። ከላይ ደግሞ ገመዱን የሚጫን ትልቅ ዳዶ። ዳዶው ሲጠብቅ ገመዱ ይጨመቅና ዘንጉን ያቅፋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተውን ልንገርህ። ገመዱን የሚያቀዘቅዘውም የሚያለሰልሰውም ያው የሐይቁ ውሃ ነው። ስለዚህ ዘንጉ ሲዞር መንጠብጠብ አለበት፤ እኔ በደቂቃ ከ3 እስከ 6 ጠብታ ባለው ላይ እተወዋለሁ። ቆማ ስታድር ግን ጨርሶ ባይንጠብጥ ይመረጣል። ሲነገረው የሚደነግጥ አለ፤ ‹ጀልባ እንዴት እያፈሰሰ ይነዳል?› ይላል። እስቲ እናስላው። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በደቂቃ 5 ጠብታ ማለት በሰዓት 15 ሚሊ ሊትር ነው። ዘጌ ደርሰህ ብትመለስ ሲኒዋ ግማሽ አትደርስም። ሞተሩ ጠፍቶ በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ከጣለ ግን በሰዓት 180 ሚሊ ሊትር፣ በ24 ሰዓት ከ4 ሊትር በላይ ነው። ይህም ጀልባ አያሰጥምም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሆዷ ውስጥ የገባውን ውሃ የሚቀዳውን ፓምፕ እያስነሳ ባትሪህን ግን ይጨርሳል። ባትሪው ካለቀ በኋላ ነው የሚያሰጥመው።

እኔ ይህን የተማርኩት በቅጣት ነው። የካቲት 15 ነበር፣ የኪዳነ ምሕረት ዋዜማ። በማግስቱ ዘጌ ያለችውን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለመሳለም ከንጋት ጀምሮ ሰው ወደቡ ላይ ይሰለፋል። በዋዜማው ከጫንኳቸው መካከል አንድ መነኩሴ ነበሩ፤ ከኋላ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ሲደግሙ ቆዩና ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ እግሬ ረጠበ እኮ» አሉኝ። ክፉ ቃል አልነበረም። እኔ ግን አፈርኩ። ማታ ጂራቱቢ አመጣሁና የፓኪንጉን ዳዶ ጠብታው ድርግም እስኪል አጠበቅሁት። ደረቀ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ሦስተኛው ምልልስ ላይ፣ ሐይቁ መሀል፣ የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ መጣ። ጣውላውን ሳነሳ ከፓኪንጉ ቤት ቀጭን እንፋሎት ይወጣል። ነካሁት፤ መዳፌ ተላጠ። ማርሹን አውጥቼ፣ ዳዶውን በጨርቅ ይዤ ፈታ አድርጌ፣ እንደ ኤሊ እየተጎተትን ተመለስን። ሲከፈት ገመዱ ከሰል ሆኗል፤ ዘንጉ ላይ ደግሞ ጥፍር የሚይዝ ሁለት ቦይ ተቆፍሯል። የገመዱ ዋጋ ኢምንት ነበር። እኔ ዘንግ ገደልኩ።

ስለዚህ ከመጠገን በፊት መመርመር። ሞተሩን አስነስተህ፣ ማርሽ አስገብተህ፣ አስር ደቂቃ ያህል በመጠነኛ ፍጥነት ንዳና የእጅህን ጀርባ የፓኪንጉ ቤት ላይ አሳርፍ። ቤቱ ላይ እንጂ ዘንጉ ላይ አላልኩም፤ የሚዞር ዘንግ የሹራብ እጅጌም የነጠላ ጫፍም ስቦ ይጠቀልላል። ለብ ቢል ደህና ነው። እጅህን ማቆየት ካቃተህ ጠብቋል ወይም ገመዱ አልቆበታል። ቀዝቃዛ ሆኖ ብዙ ካፈሰሰ ደግሞ ትንሽ ማጥበቅ ሊበቃው ይችላል፦ ሩብ ዙር እንኳ አይሞላም፣ የሩብ ግማሽ። አጥብቀህ ጠብታው ካልቀነሰ፣ ወይም የዳዶው ጥርስ አልቆ የሚሄድበት ካጣ፣ ገመዱ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው።

ግን ገመዱን ከመውቀስህ በፊት ዘንጉን ራሱን እየው። ከውጭ፣ ከፕሮፔለሩ ፊት፣ ዘንጉ የሚያርፍበት ውስጡ ጎማ የሆነ ቦኮላ አለ። ይህ ቦኮላ ግሪስ አይቀባም፤ በጎማው ላይ ባሉት ቦዮች የሚገባው ውሃ ነው የሚያለሰልሰው። ውሃችን ደግሞ ንጹህ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አፈር ጭነው ሲገቡ ሐይቁ ሻይ በወተት ይመስላል። ያ ደለል ለጎማውም ለገመዱም ካርታቬትሮ ነው። ጀልባዋ መሬት ላይ ስትሆን ፕሮፔለሩን ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። 35 ሚሊ ሜትር ዘንግ ቦኮላው ውስጥ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተወዛወዘ ቦኮላውን ሳትቀይር አዲስ ፓኪንግ ብትከት በወሩ ትመለስበታለህ። የሚወዛወዝ ዘንግ ገመዱን እንደ ሙቀጫ ይወቅጠዋል።

ሁለተኛው ጠላት መረብ ነው። ያ ቀጭን የፕላስቲክ ክር መረብ ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ቦኮላው ውስጥ ይገባል፣ ጎማውን እየቆረጠ። እምቦጭም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የሐይቁ ዕዳ ሆኗል፤ ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ጀልባዋ በሙሉ ትንቀጠቀጣለች። ከእምቦጭ መሀል በጉልበት ለመውጣት ነዳጅ አትስጥ። ሞተር አጥፍተህ፣ በቀዘፋ ወጥተህ፣ አጽዳ።

ወደ ግዢው እንምጣ። የገመዱን ውፍረት በዓይን አትገምት። የፓኪንጉን ቤት ውስጣዊ ስፋት በካሊፐር ለካ፣ የዘንጉን ውፍረት ቀንስ፣ ለሁለት አካፍል። የእኔ ቤት 51 ሚሊ ሜትር፣ ዘንጉ 35 ነው፤ ልዩነቱ 16፣ ግማሹ 8። ስለዚህ 8 ሚሊ ሜትር ገመድ። ባለ ሱቁ 10 ብቻ አለ ብሎ «በመዶሻ ጠፍጠፍ አርገህ አስገባው» ካለህ አመስግነህ ውጣ። የተቀጠቀጠ ገመድ ቅርጹን ያጣል፣ አንዱ ጎኑ ይቃጠላል፣ ሌላው ያፈሳል። በኢንች የሚሸጥ ከሆነ 8 ሚሊ ሜትር ማለት 5/16 ኢንች ነው።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ ከተልባ እግር ጭረት የተጎነጎነና በሰም ወይም በሞራ የተነከረ የድሮው ዓይነት አለ፤ በቴፍሎን የተነከረም አለ። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ቴፍሎን ያለው ሙቀት አይበዛበትም፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ጥቁሩን፣ ግራፋይት ያለበትን፣ እኔ አልገዛም። ግራፋይት እርጥበት ውስጥ ከብረት ጋር ሲነካካ ብረቱ እንዲበላ ያደርጋል። ጣና ጨዋማ ስላልሆነ ጉዳቱ ቀስ ይላል፤ ቢሆንም ለምን? ከአሮጌ ዕቃ መሀል አስቤስቶስ ያለበት ፓኪንግ ካገኘህ አትንካው፤ ብናኙ ሳንባ ያበላሻል። የናይለን ገመድማ ይቅር። አንድ ጊዜ የዓሣ መረብ ገመድ ቆርጦ የከተተ ሰው ጀልባ አይቻለሁ፤ ቀልጦ ዘንጉ ላይ እንደ ማስቲካ ተጣብቆ በቢላዋ ነው የፋቅነው። የመኪና ፓራኦሊዮ እንክተት የሚሉም አሉ። ፓራኦሊዮ ዘይት ውስጥ እየዞረ ዘይት ለመያዝ የተሠራ ነው፤ ደለል ባለበት ውሃ ከንፈሩ ተበልቶ ያልቃል። ስትቀይረው ደግሞ በዘንጉ ጫፍ ነው የሚገባው፤ ማለትም ዘንጉን ከሞተሩ መፍታት አለብህ። ገመድ ግን ተቆርጦ ከጎን ይጠቀለላል።

ሥራውን ጀልባዋ መሬት ላይ ስትሆን መሥራት ይሻላል። ሐይቃችን እንደ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ አይወርድም አይወጣም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ክረምቱ ሲያበቃ፣ መስከረም አካባቢ፣ ይሞላል፤ ግንቦትና ሰኔ መግቢያ ላይ ይጎድላል። እኔ ግንቦትን እመርጣለሁ፤ ዳርቻው ሰፊ ነው፣ እንግዳም ያንሳል፣ ከክረምቱ ጭቃ በፊትም ቦኮላው ይታያል።

ከምንም በፊት የባትሪውን ገመድ ፍታና የሞተሩን ቁልፍ ኪስህ ክተት። የረዳትህ ኪስ አይደለም፤ ያንተ ኪስ።

የፓኪንጉ ቤት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሁለት ትላልቅ ዳዶ ያለው ነው፦ ገመዱን የሚጫነውና እሱ እንዳይፈታ የሚቆልፈው። መጀመሪያ መቆለፊያውን ፍታ፤ ለዚህ ሁለት ትልቅ የዳዶ መፍቻ ቁልፍ ያስፈልግሃል፣ አንዱ ለመያዝ፣ አንዱ ለማዞር። በአንድ ቁልፍ ብቻ ከታገልክ ቤቱን የያዘውን ጎማ ትጠመዝዘዋለህ። ሁለተኛው መልክ ገመዱን የሚጫነው በሁለት ቡሎን የሚጠብቅ ፍላንጅ፣ ማለትም ጠፍጣፋ የብረት ክፈፍ፣ ነው፤ እኔ በላሜራ የተበየዱ ጀልባዎች ላይ የማገኘው ይህን ነው። ሲፈታ ቀላል ነው፣ ሲጠብቅ ተንኮለኛ፤ እሱን በኋላ።

አሮጌው ገመድ በራሱ አይወጣም። ጫፉ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ መንጠቆ ይሸጣል፤ ካጣህ ከሳይክል ጎማ ሽቦ ሥራ። ባሕር ዳር ላይ የሳይክል ሽቦ አይጠፋም። ጫፉን በሊማ አሹለህ እንደ መንጠቆ እጠፈው፣ ሌላውን ጫፍ እንጨት ላይ ጠምጥመህ እጀታ አድርግለት። ገመዱ ውስጥ ውጋው፣ ጠምዝዘህ ሳብ። ዘንጉን አትቧጥጥ። ካቻቪቴ የሚከት ሰው አለ፤ እያንዳንዱ ጭረት ነገ የውሃ መንገድ ነው።

የወጣውን ቀለበት እየቆጠርክ ጨርቅ ላይ ደርድር። ሦስት ወጥቶ ‹አለቀ› አትበል፤ ባትሪ አብርተህ በትንሽ መስተዋት ውስጡን እይ። ከመጨረሻ ደርቆ ግድግዳውን የመሰለ አንድ አሮጌ ቀለበት ይቀራል፤ ሁሌም ይቀራል ማለት ይቀለኛል። እሱ ላይ አዲስ ብትደርብበት ሥራህ ሁሉ በበሰበሰ መሠረት ላይ ነው። ባዶ ሲሆን ጥልቀቱን ለካ፤ ጥልቀቱ በገመዱ ውፍረት ሲካፈል ስንት ቀለበት እንደሚገባ ይነግርሃል፤ ዳዶው የሚይዝበት ቦታ ግን አስቀርለት።

ዘንጉን በንጹህ ጨርቅ ጥረግና ጥፍርህን አስሂድበት። ጥፍርህ ካልያዘው በጣም ደቃቅ በሆነ ካርታቬትሮ፣ ዙሪያውን እንጂ ወደ ርዝመቱ ሳትፈትግ፣ አሻሸው። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲስ ገመድ አያድነውም። የተቦረቦረውን በብየዳ ሙላ የሚልህን አትስማ፤ ሙቀቱ ዘንጉን ያጣምመዋል፣ የተጣመመ ዘንግ ደግሞ ከተቦረቦረ የባሰ ነው። ቦዩ ጠባብ ከሆነ ከገመዶቹ ሥር እንደ ቀለበቱ የሰፋ የብሮንዝ ሮንዴላ ከትተህ ገመዶቹን ወደ ፊት፣ ወዳልተበላው ቦታ፣ መግፋት ይቻላል። ካልሆነ ዘንጉ ወጥቶ ቶርኖ ቤት ይሂድ ወይም ይቀየር።

አሁን መቁረጥ። ከጠቅላላው ሥራ የምወደው ይህን ነው። ገመዱን እንደ ቀበቶ አንድ ዙር ለክቶ መቁረጥ ቀላል ይመስላል። ግን ጫፎቹ በደንብ ካልገጠሙ ያ ክፍተት በር ነው። ከዘንጉ ጋር እኩል ውፍረት ያለው የቱቦ ቁራጭ ወይም የተላገ እንጨት አዘጋጅ። ገመዱን ሳትወጥር ሳታላላ እንደ ሞላ እየተያያዘ አራት ዙር ጠቅልልበት፣ ጫፎቹን በፕላስተር ያዝ፣ ከዚያ በአዲስ ምላጭ በ45 ዲግሪ ሰያፍ አድርገህ ሁሉንም ዙር በአንድ መስመር ቁረጥ። ከላይኛው ጀምሮ እኩል የሆኑ ቀለበቶች ይወድቁልሃል። ሰያፍ የሆነበት ምክንያት ገመዱ ሲጨመቅ አንዱ ጫፍ በሌላው ላይ ተንሸራቶ እንዲዘጋ ነው። ለማረጋገጥ አንዱን ዘርግተህ ለካው፤ በ35 ዘንግ ላይ የተቆረጠ 8 ሚሊ ሜትር ገመድ መሀሉ ላይ 135 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። አጭር ሆኖ ከተቆረጠ ጣለው። ‹ሲጠብቅ ይገጥማል› የሚባል ነገር የለም።

የመጀመሪያውን ቀለበት ውሃ የማያጥበው ግሪስ በስሱ ቀብተህ ዘንጉ ላይ ጠቅልለው፤ ስትከፍተው ወደ ጎን እንደ ሞላ አጣመህ እንጂ ጫፎቹን ለያይተህ አትወጥረው። ገጣጥመህ ወደ ውስጥ ግፋ። በጣት አይደርስም፤ ለሁለት የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቱቦ ዘንጉን አቅፎ ቀለበቱን እኩል ይገፋልሃል። እስከ መጨረሻው ካልገባ ሁለተኛውን አትከልበት። መጋጠሚያውን አስታውስ፦ ዘንጉን እንደ ሰዓት ፊት ብታየው የመጀመሪያው መጋጠሚያ 12 ላይ ከሆነ ሁለተኛው 4 ላይ፣ ሦስተኛው 8 ላይ ይሁን። አራት ካሉ በሩብ በሩብ አካፍል። መጋጠሚያዎቹ አንድ መስመር ላይ ከዋሉ ውሃው ደረጃ አገኘ ማለት ነው።

ረዳቴ መጀመሪያ ሲሠራ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ከላይ አደረጋቸው። «ለምን?» ስለው፣ «ጋሼ፣ እንዲታዩኝ ብዬ ነው» አለ። የሚያሳዝነው አሳማኝ መሆኑ ነው።

ሁሉም ከገባ በኋላ ዳዶውን በእጅህ ብቻ፣ መጥበቅ እስኪጀምር፣ አስገባ። ቁልፍ አትንካ። ፍላንጅ ያለው ከሆነ ሁለቱን ቡሎን እያፈራረቅህ ሩብ ሩብ ዙር እያደረግህ ሂድ፤ በየጊዜው በፍላንጁና በቤቱ መካከል ያለውን ክፍተት በሁለቱም በኩል ለካ። ተንኮሉ እዚህ ነው። በአንድ ጎን ካዘነበለ የፍላንጁ ብረት ራሱ ዘንጉን ይነካዋል፤ አንተ ገመዱን ስትጠራጠር ብረት ብረትን እየበላ ነው።

የፓኪንጉ ቤት በጎማ ቱቦ የተያዘ ከሆነ ጎማውን ሳትመረምር ወደ ውሃ አትመለስ። ገመድ ሲያልቅ ጀልባዋ ትንጠባጠባለች፤ ይህ ጎማ ከተቀደደ ግን ትሰጥማለች። ጨመቅ አድርገው፤ ከተሰነጣጠቀ፣ ከደረቀ ወይም እንደ ዳቦ ከለሰለሰ ይቀየር። የመኪና ራዲያተር ጎማ ምትኩ አይደለም፤ ውስጡ በሸራ የተጠናከረ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ወፍራም ጎማ አለ። በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ሁለት ፋሸታ፣ ጎማውን ዙሪያውን የሚያጠብቅ የብረት ቀለበት፣ ይሁን፣ የማይዝግ። የፋሸታ ዝገት ከሥር ነው የሚጀምረው፤ ከላይ የሚያብረቀርቅ ሆኖ ከሥሩ የተበላ ሁለት ጊዜ አጋጥሞኛል፣ በእጄ ሳጠብቀው ተበጠሰ።

ውሃ ውስጥ ስትመልሳት ወዲያው ይንጠባጠባል፤ ተወው። አንድ ሁለት ሰዓት ቆማ ገመዱ ውሃ ይጠጣ። ከዚያ ጀልባዋን አስረህ፣ ማርሽ አስገብተህ፣ በዝቅተኛ ዙር ግማሽ ሰዓት አሠራት። ጠብታው ብዙ ከሆነ የሩብ ግማሽ ዙር አጥብቅ፤ አስር ደቂቃ ጠብቅ፣ እጅህን አሳርፍ፣ ጠብታ ቁጠር፣ እንደገና። እንቁላል በእግሩ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ረዳቴን ሰዓት አስይዤ ሲኒዋን ከሥር አደርጋለሁ፣ እሱ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። የጨዋታ ነገር ይመስላል፤ ግን የመጀመሪያውን ሰዓት ቸኩሎ ያጠበቀ ሰው ገመዱን ያቃጥላል፣ የተቃጠለ ገመድ ደግሞ በኋላ ብታላላውም አይለሰልስም። ስትጨርስ የሚጫነውን ዳዶ በአንድ ቁልፍ ይዘህ መቆለፊያውን በሌላው አጥብቅ፤ ካልያዝከው አብሮ ይዞርና ያን ሁሉ ቆጠራ ያበላሽብሃል።

አዲስ ገመድ ለጥቂት ቀን ይረግባል። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት የዘጌ ምልልስ በኋላ ትንሽ ማጥበቅ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ማጥበቅ ካስፈለገህ ችግሩ ገመዱ አይደለም፤ ሞተሩና ዘንጉ መስመር ስተዋል። የሞተሩን ማርሽ ቤትና ዘንጉን የሚያያይዙትን ፍላንጆች ቡሎን ፈትተህ፣ ፊት ለፊት አጠጋግተህ፣ በክፍተት መለኪያ ስስ ብረት ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ለካ። 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፍላንጅ ላይ በሰፊውና በጠባቡ ክፍተት መካከል ያለው ልዩነት ከ0.1 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ይህን መሬት ላይ አትለካ። ጀልባ ውሃ ላይ ስትቀመጥ ቅርጿ ትንሽ ይለወጣል፣ በተለይ እንጨትና ፋይበር። አንድ ቀን ውሃ ላይ አድራ፣ ነዳጇም የወትሮውን ያህል ተሞልቶ፣ ያኔ ለካ።

ጀልባዋን ማውጣት የማትችልበት ቀንም አለ። እኔ አንድ ጊዜ ዘጌ ወደብ ላይ፣ ውሃ ላይ እንዳለች፣ ቀይሬያለሁ። ይቻላል፤ ግን ቀለበቶቹ ተቆርጠው፣ ግሪስ ተቀብተው፣ በተራ ተደርድረው ሳይዘጋጁ ዳዶው አይነካ። ፓምፑ ይሞከር፣ ባልዲም አጠገብ ይኑር። ዳዶው ሲላቀቅ የሚገባው ውሃ ያስደነግጣል፣ ነገር ግን በዘንጉና በቱቦው መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ፓምፕ ይችለዋል። ከተቻለ ዋናተኛ ገብቶ ዘንጉ ከጀልባዋ የሚወጣበትን ቦታ ከውጭ ግሪስ በተቀባ ጨርቅና በመኪና ከመነዳሪ ቁራጭ ጥርቅም አድርጎ ይሰር፤ ውሃው ይቀንሳል። ስትጨርስ መፍታቱን እንዳትረሳ፤ ለዚህ ነው የሞተሩን ቁልፍ ዋናተኛው ራሱ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚገባው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ግን ሰው አላስገባም። ጉማሬው የማንንም ሥራ አያከብርም። የሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያም ስላለበት፣ የገባ ሰው ቶሎ ወጥቶ ገላውን በፎጣ ያድርቅ።

ከሆዷ የምትቀዳው ውሃ ዘይትና ግሪስ ካለበት ወደ ሐይቁ አይደፋ። በጀሪካን ይውጣ። ደሴቶቹ ላይ ያሉት መነኮሳትና መነኮሳይያት የሚጠጡት ያንኑ ነው።

የጠብታ ጣጣ የሌለው ዘመናዊ ማሸጊያ አለ፦ ከካርቦን የተሠራ ቀለበት በሚታጠፍ ጎማ ተገፍቶ ዘንጉ ላይ ካለ የብረት ቀለበት ጋር ፊት ለፊት እየተፋተገ የሚዘጋ። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ሆዷን ደረቅ ያደርገዋል፣ ዘንጉንም አይበላም። ጀልባዋ ከመሬት ወደ ውሃ በተመለሰች ቁጥር ግን ጎማውን ወደ ኋላ ሳብ አድርገህ ውስጡ የታሰረውን አየር ማስወጣት አለብህ፤ ደርቆ ከዞረ ይቃጠላል። ጎማውም ጊዜ አለው፣ አምራቹ በሚያዘው ዓመት ይቀየራል፣ ቢያፈስም ባያፈስም። እኔ አልገጠምኩም። ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ሄጄ ያ ጎማ ቢቀደድ በእጄ ምንም አላደርግም፤ ገመድ ቢያልቅ ግን ትንሽ አጥብቄ እያየሁት እመለሳለሁ። ምትኩን ማግኘት የሚችል፣ ባሕር ዳር ዙሪያ ብቻ የሚሠራ ሰው ቢገጥመው አልከራከርም።

የእኔ ጀልባ መሣሪያ ሳጥን ውስጥ፣ በወተት ዱቄት ጣሳ፣ አንድ ሜትር 8 ሚሊ ሜትር ገመድ፣ ሁለት አዲስ ምላጭ፣ የሳይክል ሽቦ መንጠቆው፣ የተሰነጠቀው ቱቦ፣ አራት ፋሸታና 35 ሚሊ ሜትር የተላገ እንጨት አለ። ክዳኑ ላይ በማርከር መጨረሻ የቀየርኩበት ቀንና የሞተሩ ሰዓት ተጽፏል። ሲኒዋ ከሳጥኑ ውጭ ናት፤ ቦታዋ ከጣውላው ሥር ነው።